ጋሼ ወልደ ሚካኤል ፈረቃ የገቡበት ጠዋት

የምስክር ቃል

የምስክሩ ሙሉ ስም፦ በየነ ተክሉ፤ በሚኖርበት ሕንፃ «ጠበቃው» እየተባለ ይጠራል፣ ጠበቃ ግን አይደለም
ዕድሜ፦ 58 ዓመት
አድራሻ፦ ቶሮንቶ፣ ፍሌሚንግደን ፓርክ፣ አምስተኛ ፎቅ
ሥራ፦ ቅዳሜና እሁድ የመኪና ማቆሚያ ጥበቃ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 13 ቀን 2025
ቃሉን የተቀበለው፦ ኮንስታብል ሊዮ ራጉኤል
ቃሉ የተጻፈበት ቋንቋ፦ አማርኛ፣ በምስክሩ በራሱ እጅ

እኔ ስሜና አድራሻዬ ከዚህ በላይ የተጻፈው ሰው ማንም ሳያስገድደኝ፣ ወንበር ተሰጥቶኝ፣ ሻይም ቀርቦልኝ ቃሌን እሰጣለሁ። ኮንስታብል ሊዮ እናትና አባቱ የኛ አገር ሰዎች ናቸው። እሱ እዚሁ ተወልዶ ያደገ ስለሆነ አማርኛ ይሰማል፣ ይናገራል፣ አያነብም። ስለዚህ «አንተ ጻፈው፣ ትራንስሌተር ነገ ወደ ኢንግሊሽ ትመልሰዋለች» ብሎ ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጠኝ። እዚህ ክፍል ውስጥ ካለነው ሁለት ሰዎች ፊደል የቆጠርኩት እኔ ብቻ ነኝ ማለት ነው። እስካለፈው ዓመት ድረስ ስሜን እንደ ሥዕል እያየሁ የምገለብጥ ሰው ነበርኩ። ወ/ሮ ሰሎሜ በቤተ ክርስቲያናችን ምድር ቤት የምታስተምረውን የማታ ትምህርት አንደኛ ወጥቼ ነው የጨረስኩት። ሁለተኛ የወጡት ሴትዮ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ናቸው፤ እሳቸውም በፈተናው ቀን መነጽራቸው ተሰብሮባቸው ነው። ይህን የምጽፈው ጉራ ለመንዛት ሳይሆን ልማድ ሆኖብኝ ነው።

ገና ጀማሪ ስለሆንኩ ስጽፍ ድምፄን አውጥቼ ነው። የምጽፈውን ኮንስታብል ሊዮ እየሰማ ነው። በሩ ስስ ስለሆነ ከዚህ በኋላ ድምፄን እቀንሳለሁ፤ ውጭ ኮሪደሩ ላይ ወ/ሮ የኔነሽ ተቀምጣለች።

ኮንስታብል ሊዮ የጠራኝ የወ/ሮ የኔነሽን አባት አቶ ወልደ ሚካኤልን እንዴት እንዳገኘኋቸው እንድጽፍለት ነው። በሕንፃችን ውስጥ «ጋሼን ያገኘ በየነ ነው» ተብሎ እልል ተብሎልኛል። የኔነሽ ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ ብላለች። ዛሬም በመኪናዋ ያመጣችኝ እሷ ናት፣ ስጨርስ ልትመልሰኝ ነው የምትጠብቀኝ። እኔ ግን እንዴት እንዳገኘኋቸው ከመጻፌ በፊት እንዴት እንዳጠፋኋቸው እጽፋለሁ። ይህንን እስካሁን በአፌ ለማንም አልተናገርኩም። አሁን ኮንስታብል ሊዮ የሻይ ኩባያውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ።

አቶ ወልደ ሚካኤልን ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ሰማንያን ተሻግረዋል። በአገራችን የከተማ አውቶቡስ ቲኬት ተቆጣጣሪ ነበሩ። ያለ ቲኬት የተሳፈረ ሰው ኮፍያቸውን ከሩቅ ካየ አውቶቡሱ ከመቆሙ በፊት በመስኮት ይወርድ ነበር እያሉ የሚያውቋቸው ያወራሉ። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የመርሳት በሽታ ይዟቸዋል። የበሉትን ይረሳሉ፣ የልጃቸውን ስም ይረሳሉ፣ ሥራቸውን ግን አይረሱም። ጠዋት ሰው ካላያቸው ኮፍያቸውን አድርገው ከሰባተኛ ፎቅ ይወርዱና ከሕንፃው ፊት ለፊት ያለው ፌርማታ ላይ ቆመው አውቶቡስ ይጠብቃሉ።

ለዚህ የኔነሽ መላ አግኝታለታለች። አረጋውያን መንከባከቢያ ቤት ስለምትሠራ የእንዲህ ዓይነቱን ሕመም ጠባይ ታውቃለች። «አባዬን አትጨቃጨቋቸው፣ ወደ ቤት ይግቡም አትበሏቸው። ፈረቃዎ አልቋል በሏቸው» ብላ በሕንፃው ላለ ሐበሻ ሁሉ ነግራለች። እውነትም ይሠራል። «ጋሼ፣ ፈረቃዎ አልቋል» ሲባሉ ፊታቸው ይፈታል፣ ኮፍያቸውን ያወልቃሉ፣ «ተተኪው ገብቷል?» ይላሉ። «ገብቷል» ስንላቸው እጃችንን ይዘው ይመለሳሉ። ሁለት ቃል ናት። እኔም ብዙ ጊዜ ብያታለሁ።

አሁን ስለ ጠበቃነቴ እጽፋለሁ፣ ከነገሩ ጋር የተያያዘ ነውና። ማንበብ ከለመድኩ በኋላ አሜሪካ የሚኖር አንድ የኛ ሰው በስልክ የሚያሰራጨውን የሕግ ጥያቄና መልስ መከታተል ጀመርኩ። ተራ ሰው የሚጠይቀውን ይጽፋል፣ መልሱን ከሥሩ በአማርኛ ያስቀምጣል። የጎረቤት ውሻ ቢነክሰኝ ማንን ልክሰስ? አከራዬ ሳያንኳኳ መግባት ይችላል ወይ? ሰው ደጅ ላይ በረዶ አዳልጦኝ ብወድቅ ተጠያቂው ማነው? ፖሊስ በሬን ቢመታ የመክፈት ግዴታ አለብኝ? ሁሉንም አነበብኩ፤ ያነበብኩትን ደግሞ ወደ ሕንፃችን የልብስ ማጠቢያ ክፍል፣ ላውንደሪ፣ ወርጄ አወራለሁ። ማሽኑ እስኪጨርስ መሄጃ የሌለው ሰው ጥሩ አድማጭ ነው። በጥቂት ወራት ውስጥ «በየነን ጠይቁት» መባል ተጀመረ። ጠየቁኝም። አላውቅም ያልኩበትን ቀን አላስታውስም።

የጋሼ የልጅ ልጅ ማያ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። አንድ ቀን ልብስ ልታጥብ ወርዳ ሰማችኝና «አንክል በየነ፣ ያ እኮ የአሜሪካ ሎው ነው። እኛ ካናዳ ነን» አለችኝ።

«ልጄ» አልኳት፣ «ደመናው ከአሜሪካዋ ቡፋሎ ተነስቶ እኛ ላይ በረዶ ሲጥል ፓስፖርት የጠየቀው አለ? ሕጉን ታዲያ ምን ይከለክለዋል?»

ላውንደሪ ውስጥ የነበረው ሁሉ ሳቀ። ማያም ሳቀች። ሰው ከሳቀ ክርክሩን የረታሁ ይመስለኛል።

ከሁሉ የተወደደልኝ ስለ ፖሊስ ያስተማርኩት ነው። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት አምስተኛ ማሻሻያ አለው፤ ማንም ሰው በራሱ ላይ እንዲመሰክር አይገደድም ይላል። ፖሊስም ሰው ይዞ ከመጠየቁ በፊት ዝም የማለት መብቱን ይነግረዋል፤ የዚህ ንባብ ስም ሚራንዳ ነው። ሦስተኛ ፎቅ የሚኖሩት ወ/ሮ ብርሃነሽ ይህን ሲሰሙ «ሚሪንዳ? የሚጠጣው?» አሉ። «እሱን ነው፣ እትዬ» አልኳቸው፣ «ፖሊሱ ሚሪንዳውን ካልከፈተልዎ እርስዎም አፍዎን አይክፈቱ።» ከዚያ ወዲህ ስሙ የሚሪንዳ ሕግ ሆኖ ቀረ። በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባልም አስጠናኋቸው። ረጅሙን መያዝ ሲያቅታቸው «ፊፍዝ» ማለት ብቻ ይበቃል አልኩ፤ አምስተኛ ማለት ነው። ፖሊስ ቢጠይቃችሁ ፊፍዝ፣ ደግሞ ቢጠይቃችሁ ፊፍዝ። ወ/ሮ ሰሎሜ ሀ ሁ እንዳስባለችን እኔም ማሽኖቹ መሀል ቆሜ በኅብረት አስባልኳቸው።

ይህ ትምህርት ለምን እንደተወደደ አውቃለሁ። የኔ ዕድሜና ከኔ በላይ ያለው ሰው ከአገሩ የወጣው በር ሲመታ ትንፋሹን መዋጥ ከተማረ በኋላ ነው። እዚህ ከገባን ጀምሮ ግን ተናገሩ፣ አትፍሩ፣ ፖሊስ ወዳጅ ነው እየተባልን እንወቀሳለን። እኔ መጥቼ ዝምታ መብት ነው፣ በሕግ ተጽፏል ስላቸው ያፍሩበት በነበረው ፍርሃት ላይ ካባ ደረብኩለት። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይል የነበረ ሰው ሁሉ ሕግ አዋቂ ሆነ።

ነገሩ የሆነው ከትናንት በስቲያ፣ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ኮንስታብል ሊዮ «በሌሊት?» ብሎ ጠየቀኝ። በእኛ አቆጣጠር ነው፤ በዚህ አገር ስምንት ተኩል መሆኑ ነው። ብርዱ ጆሮ የሚቆርጥ ነበር። ዳቦ ልገዛ ወጥቼ ፌርማታው ጋ ስደርስ ጋሼ ኮፍያቸውን አድርገው፣ ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው ቆመዋል። እግራቸው ላይ የቤት ነጠላ ጫማ ነበር። አይቻለሁ። ወደዚህ ስመጣ መንገድ ላይ አላየሁም ልል አስቤ ነበርና፣ አይቻለሁ ብዬ ሁለተኛ እጽፋለሁ።

ከአጠገባቸው የማላውቃቸው ሁለት የኛ አገር ሴቶች ወደ ሥራ ለመሄድ አውቶቡስ ይጠብቃሉ። ጋሼ እጃቸውን ወደ አንደኛዋ ዘርግተው «ቲኬት» አሏት። ግራ ገብቷት ወደ እኔ ዞረች። ማለት የነበረብኝ ሁለት ቃል ነው። እኔ ግን አዲስ ተመልካች አገኘሁ። እንደ ወታደር ቀጥ ብዬ እጄን ወደ ግንባሬ ሰነዘርኩና «ጋሼ፣ የዛሬው ተረኛ እርስዎ ነዎት። ይህ መስመር ተቆጣጣሪ ካጣ ቆየ፣ ሕዝቡ በነጻ እየተንሸራሸረ ነው» አልኳቸው። ሴቶቹ ሳቁ። ሰው ሲስቅልኝ እጨምራለሁ። «ጫማዎ የደንብ ልብስ አይደለም እንጂ፤ ለዛሬ ምሬዎታለሁ» አልኩ። ሴቶቹ ይብሱን ሳቁ።

ጋሼ አልሳቁም። የካፖርታቸውን ኮሌታ አስተካከሉና «እሺ ጌታዬ፣ መስመሩን እይዘዋለሁ» አሉኝ። አውቶቡሱ መጣ። ወጡ። ሴቶቹም ወጡ፣ በሩም ተዘጋ። በመስኮቱ ሳያቸው ከፊተኛው ወንበር ጀምረው እጃቸውን ይዘረጋሉ፣ ሰዉም ፈገግ እያለ ካርዱን ያሳያቸዋል። እኔም ሳቅሁ። ሴቶቹ ያወርዷቸዋል አልኩና ዳቦዬን ገዝቼ ገባሁ።

ረፋድ ላይ ማያ ከእንቅልፏ ስትነሳ የአያቷ አልጋ ባዶ ነው። የኔነሽ ከሥራዋ እየሮጠች መጣች፣ ፖሊስ ተጠራ። መጀመሪያ የመጣችው አንዲት ሴት ፖሊስ ናት፤ አማርኛ አትሰማም። የጋሼን ፎቶ በስልኳ ይዛ በር ማንኳኳት ጀመረች። በሌሎቹ በሮች የሆነውን በዓይኔ አላየሁም፤ በኋላ ከባለቤቶቹ አፍ የሰማሁት ነው።

ወ/ሮ ብርሃነሽ በዚያ ጠዋት በመስኮታቸው ጋሼን አይተዋል፣ እኔንም ከጋሼ ጋር አይተዋል። ፖሊሷ ፎቶውን አሳይታ «ይህን ሰው አይተዋል?» ስትላቸው እጃቸውን አጣምረው «ፊፍዝ» አሉ። ፖሊሷ ፊቷ በራ። «አምስተኛ ፎቅ?» አለች። «ፊፍዝ» አሉ፣ ልክ እንዳስተማርኳቸው። ቀጥላ የእዝራን በር መታች። እዝራ ታክሲ ይነዳል፤ ሲሠራ አድሮ ተኝቶ ስለነበር ስለ ጋሼ የሚያውቀው ነገር የለም። አላየሁም ቢል ይበቃው ነበር። እሱ ግን ትምህርቱን የሚሞክርበት ቀን ደረሰለትና በፒጃማው ደረቱን ነፍቶ «ፊፍዝ» አላት። ሁለት ምስክሮች በተለያየ በር አንድ ቃል ሰጡ ማለት ነው። ፖሊሷ ሬዲዮዋን አወጣች። ሌሎች ፖሊሶች መጥተው አምስተኛ ፎቅን በር በበር፣ ደረጃውን፣ የቆሻሻ መጣያ ክፍሉን ሳይቀር መፈተሽ ጀመሩ። አምስተኛ ፎቅ የምኖረው እኔ ነኝ።

የእኔም በር ተመታ። ከፍቼ ፎቶውን ሳይ በልቤ የመጣው የሁለቱ ሴቶች ሳቅ እንጂ ሕግ አልነበረም። ማነው አውቶቡስ ላይ ያወጣቸው ቢባል፣ በየነ ነው፣ በሽተኛ ሽማግሌ ላይ እየቀለደ ይባላል። ፖሊሷ «አይተኸዋል?» አለችኝ።

«ፊፍዝ» አልኩ።

«አዎ፣ አምስተኛ ፎቅ ላይ ነን» አለች። «በየትኛው በር ነው?»

«ፊፍዝ።»

በትዕግሥት ኮሪደሩን በእጇ አሳየችኝና «በግራ ነው በቀኝ?» አለች። ያኔ የሆነው ሁሉ ገባኝ። ሰዎቹ ሁሉ እኔ ባስተማርኳቸው አንድ ቃል ተመርተው እኔ በር ላይ መጥተዋል፣ የሚፈልጉት ሰው ግን እዚያ የለም፣ ጋሼ አውቶቡስ ላይ መውጣታቸውን ከፎቁ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። በራሴ ጣት ወደ ግራ አሳየኋት። አመስግናኝ ሄደች። በሬን ዘግቼ የጎረቤቶቼ በር ሲመታ እያዳመጥኩ ዳቦዬን በላሁ።

ከሰዓት በኋላ ማያ መጣች። ዓይኗ አብጧል።

«አንክል በየነ፣ ፖሊሶቹ ፊፍዝ ፍሎርን ጨረሱ፣ ናቲንግ። ፍላየር፣ የሚለጠፍ ወረቀት፣ በኢንግሊሽ ሠርቻለሁ፣ ግን እነ እትዬ ብርሃነሽ ኢንግሊሽ አያነቡም። እኔ ደግሞ አማርኛ መጻፍ አልችልም። አንተ ትችላለህ አይደል? ፕሊስ።»

በዕድሜዬ ሙሉ እጄን ለጽሑፍ የፈለገች የመጀመሪያዋ ሰው እሷ ናት። ጠረጴዛው ላይ ተቀመጥን። አገጯን በእጇ ደግፋ እስክሪብቶዬን ታያለች።

«ምን ብዬ ልጻፍ?» አልኳት።

«አያቴ ጠፍቷል በል። ኮፍያ አድርጓል፣ ካፖርት ለብሷል በል። ያየው ሰው ፕሊስ ይናገር በል።»

አቶ ወልደ ሚካኤል ጠፍተዋል ብዬ በትልልቁ ጻፍኩ። ኮፍያ አድርገዋል፣ ካፖርት ለብሰዋል፣ ነጠላ ጫማ ተጫምተዋል ብዬ ጻፍኩ። እጄ እዚያ ላይ ቆመ። ስለ ጫማው ማንም አልነገረኝም ነበር። ማያ ግን ማንበብ አትችልም፤ ትክ ብላ ታየዋለች፣ አይታያትም። ያያችሁ ተናገሩ ብዬ ጨረስኩ። «ምን ይላል?» አለችኝ። ጫማውን ዘልዬ አነበብኩላት። ተናገሩ የሚለው ላይ ስደርስ ድምፄ ተሰበረ። ለአያቷ ያዘንኩ መስሏት አቀፈችኝ። «ዩ አር ሶ ጉድ፣ አንክል» አለችና ወረቀቱን ይዛ ወጣች።

ኤሌቬተሩ ውስጥ ለጥፋው አገኘሁት። እስክወርድ ድረስ የገዛ እጅ ጽሑፌን አነበብኩ። ማንበብ የተማረ ሰው የራሱንም ጽሑፍ ማንበብ እንደሚኖርበት ወ/ሮ ሰሎሜ አልነገረችንም።

ታች ሎቢው ውስጥ ኮንስታብል ሊዮ ቆሞ ነበር፤ አማርኛ ይችላል ተብሎ የተላከ ነው። የኔነሽ እያለቀሰች ታናግረዋለች። «ልጄ» አልኩት፣ «ጋሼ ተቆጣጣሪ ናቸው። አውቶቡስ ላይ ወጥተው ሊሆን ይችላል። ተቆጣጣሪ ፈረቃውን ሲጨርስ ሒሳቡን የሚያስረክበው ዴፖ ነው። አውቶቡሶቹ የሚያድሩበት ግቢ ፈልጓቸው።» ሊሆን ይችላል አልኩ። አየሁ አላልኩም። ግማሹን ሰጥቼ ግማሹን ለራሴ አስቀረሁ፤ ከግማሹም የተቀበልኩት ምስጋና ነው።

ሊመሽ ሲል አገኟቸው። ቀኑን ከአውቶቡስ አውቶቡስ ሲቀያይሩ ውለው፣ ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ያለ የአውቶቡሶች ማደሪያ አጥር ሥር፣ በነጠላ ጫማ በረዶ ውስጥ ቆመው በር እንዲከፈትላቸው ይጠብቃሉ። ከፖሊስ ጋር አልሄድም አሉ። ኮንስታብል ሊዮ ከዚያ ሆኖ ለየኔነሽ ደወለ፣ እኛ ሎቢው ውስጥ ተሰብስበን እንሰማለን። «ፈረቃዎ አልቋል በላቸው!» ብላ ጮኸችበት። እሱም ታዘዘ፤ ነገር ግን አንቱ ማለት ስላልለመደ «ፈረቃህ አልቋል» አላቸው።

የጋሼን ድምፅ ሁላችንም ሰማን። «ማነህ አንተ ልጅ፣ እኔን አንተ የምትለኝ? መስመሩን የሰጠኝ አለቃ አለ። እሱ ይንገረኝ!»

የኔነሽ «አባዬ፣ እኔ ነኝ፣ አልቋል» አለቻቸው። «አንቺ ሴትዮ፣ በሥራ ጉዳይ አትግቢ» አሏት። ሰው ሁሉ ሕመማቸው ነው የሚናገረው ብሎ ከንፈሩን መጠጠ። እኔ ብቻ አለቃው ማን እንደሆነ አውቅ ነበር። ስልኩን ከእጇ ተቀበልኩ።

«ጋሼ፣ ፈረቃዎ አልቋል» አልኩ።

«ዘገየህ» አሉኝ።

«ዘግይቻለሁ፣ ጋሼ።»

«ተተኪው ገብቷል?»

«ገብቷል።»

ኮንስታብል ሊዮ እንደነገረኝ ኮፍያቸውን አውልቀው እጁን ያዙት። ሎቢው ውስጥ እልልታ ቀለጠ። የኔነሽ ጉልበቴ ላይ ልትወድቅ ስትል አነሳኋት፣ «ምን አደረግኩና» አልኳት። ሰው ትሕትና መሰለው። እውነቱን ነበር የተናገርኩት።

ሐኪሞቹ ከግራ እግራቸው ሁለት ጣት ይቆረጣል ብለዋል። ትናንት ሆስፒታል ሄጄ አንዷን ነርስ አስጠራሁና፣ በምሳ ሰዓት ተገኝተው ቢሆን ኖሮ ጣቶቹ ይተርፉ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኋት። አይታኝ ዝም አለች። የእሷ ዝምታ መልስ ነበረው።

ከሆስፒታል ስመለስ ወ/ሮ ብርሃነሽ ላውንደሪ ውስጥ ብቻቸውን ልብስ ሲያጣጥፉ አገኘኋቸው። ቀና ሳይሉ «በየነ፣ ወረቀትህን አነበብኩት» አሉኝ። «እጅህ ያምራል። ጫማቸውን ማን ነገረህ?»

ከቅርጫታቸው ፎጣ አንስቼ ማጣጠፍ ጀመርኩ።

«በመስኮት አይቼህ ነበር» አሉ። «ስትስቁ አይቻለሁ። ለፖሊሷ ልናገር አፌ ላይ መጥቶ፣ ያስተማርከኝ ትዝ አለኝና ዋጥኩት። አሁንም አልናገርብህም። ለየኔነሽም አልናገርም። ሚሪንዳዬን አልከፍትም።» አንሶላውን አጣጥፈው ጨረሱ። «ግን ይኸው ሁለት ቀን፣ ውሃ አልወርድ ብሎኛል።»

ወ/ሮ ብርሃነሽ በዚህ ጉዳይ እንዳይጠየቁ አመለክታለሁ። እዝራም አይጠየቅ። ያሉት የእኔን ቃል ነው።

ዛሬ መጻፍ ከመጀመሬ በፊት ኮንስታብል ሊዮን በምን ስም እንደምቀመጥ ጠይቄው ነበር፣ ምስክር ነኝ ወይስ ተከሳሽ? «ዊትነስ ነህ» አለኝ፣ ምስክር ማለቱ ነው። አሁን ሁሉንም ከሰማ በኋላ ደግሜ ጠየቅሁት። የሻይ ኩባያውን ወደ ጎን ገፋ አደረገው። ከዚያ «ዝም ማለት እዚህም ትችላለህ፣ ማንም ፎርስ አያደርግህም» አለኝ። «ግን እኛ አንተን አልጠረጠርንም ነበር። የጠየቅንህ ስለ እሱ ነው።» እሱ ያለው ጋሼን ነው። አንቱ አልለመደም ብዬ አላረምኩትም። እኔንም ከመጀመሪያው ጀምሮ አንተ ሲለኝ ቆይቷል፤ ስገባ ቅር ብሎኝ ነበር፣ አሁን ልክ መጣልኝ። ያነበብኩትን የአሜሪካ ሕግ በሙሉ አገላብጬ፣ ራሴን ለማዳን ዝም ብዬ ሌላ ሰው በረዶ ላይ ላቆምኩት ነገር ስም የሚሰጥ ጥያቄና መልስ አላገኘሁም። የዚህ አገርም ሕግ ምስክር ነው የሚለኝ። ከፍ ያለ ስም ነው፤ እስክለምደው ድረስ ይከብደኛል።

ከላይ የጻፍኩት ሁሉ ያየሁትን ያየሁ፣ የሰማሁትን የሰማሁ ብዬ ለይቼ ያስቀመጥኩት እውነት ነው። የሚያስቅ ቦታ ቢገኝበት እሱም እውነት ነው፤ ለማሳቅ የጨመርኩት የለም። ከዚህ ቃል ላይ አንድም መስመር ሳይዘለል ለወ/ሮ የኔነሽ ራሴ እንዳነብላት ጠይቄ ኮንስታብል ሊዮ ፈቅዶልኛል።

ተጨማሪ ቃል፣ በዚያው ቀን፣ በዚያው ክፍል።

ኮንስታብል ሊዮ በሩን ከፍቶ አስገባት። ተነስቼ ቆሜ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩላት። ጫማው ላይ ስደርስ አልዘለልኩም። በመሀል አልጠየቀችኝም፣ አላለቀሰችም፤ የመኪናዋን ቁልፍ በመዳፏ ጨብጣ ሰማችኝ። ከጨረስኩ በኋላ ብዙ ዝም አለች። እሷም መብት አላት ብዬ ጠበቅሁ።

ከዚያ ተነሳችና «በየነ፣ ፈረቃህ አልቋል» አለችኝ።

ይህን ቃል ለአባቷ ስትነግራቸው ወደ ቤት ልታስገባቸው ነው። ለእኔ ስትነግረኝ ከሰው ፊት ልታስነሳኝ ይሁን ወይስ ወደ ቤት ልትመልሰኝ፣ ከፊቷ ማንበብ አልቻልኩም። በሩን ክፍት ትታው ወጣች። ይህን ጽፌ ጃኬቴን እለብሳለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ በየነ ተክሉ፤ ሳልገለብጥ፣ በፊደል የጻፍኩት

ቃሉ ሲጻፍና ሲነበብ የሰማው፦ ኮንስታብል ሊዮ ራጉኤል